ያበበ አይላክም

እኛ ሐበሾች ስንዝናና እንቀመጣለን። ቡናው ይፈላል፣ ፈንዲሻው ይቀርባል፣ በረካው እስኪደርስ የሰው ትዳር ይፈታል፣ ይታረቃል፣ እንደገና ይፈታል። እረፍት ማለት ይኸው ነው። ቆሞ መዝናናት፣ ያውም እየተራመዱ፣ ያውም ምንም ሳይቀምሱ፣ ሰው አገር ከገባን በኋላ የለመድነው ነገር ነው፤ ለምደነው ከሆነ። «ዎክ እናድርግ» የሚላችሁ ሐበሻ ካጋጠማችሁ ወይ ሐኪም ስኳሩን አይቶ ያስፈራራው ነው፣ ወይ ብድር ሊጠይቃችሁ ነው።

ስለዚህ በአንድ የሰኔ ማለዳ ለጓደኛዬ ለትርንጎ ደውዬ «ነይ ጽጌረዳ አይተን እንምጣ» ስላት፣ «ማን ሊያገባ ነው?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ ማን ተመረቀ?»

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ለምንኖር ሐበሾች ዋሽንግተን ፓርክ ውስጥ ያለው የጽጌረዳ አትክልት ቦታ ፎቶ መነሻ ነው። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ይሄዳሉ። ተመራቂ ከነጥቁር ካባው ይሄዳል። እናቱ ከአገር ቤት የመጣችለት ሰው የሐበሻ ቀሚስ አልብሶ ይወስዳታል። ሁሉም ጀርባውን ለአበባው፣ ፊቱን ለስልኩ ይሰጣል። ፎቶው ሲወጣ አበባው ከኋላ ብዥ ብሎ ይታያል፤ ለዚያ ብዥታ ሲል ውድ ካሜራ ያለው ባለሙያ የሚቀጥርም አለ። አበባውን ብሎ፣ አበባውን ብቻ ሊያይ የሄደ ስለመኖሩ ግን እጠራጠራለሁ።

ትርንጎ ደግሞ የራሷ ምክንያት ነበራት። አሁን ማታ ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው የምትሠራው። ከአገር ከመውጣቷ በፊት ግን ሆለታ አካባቢ አበባ እርሻ ውስጥ ነበረች፤ መጀመሪያ ግሪንሃውስ ውስጥ ቆራጭ፣ ቀጥሎ ፓክሃውስ ውስጥ መራጭ፣ በመጨረሻም የመራጮቹ ሱፐርቫይዘር። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ብዙ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር መሆኗን ሁላችንም በዜና ሰምተናል። ትርንጎ ዜናውን በገዛ እጇ ቆርጣ፣ ለክታ፣ አስራ፣ ካርቶን ውስጥ ከታዋለች። ቫለንታይን ሲቃረብ እንቅልፍ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ትናገራለች። አንድ የአምስተርዳም ጎረምሳ ፌብሩዋሪ 14 ቀን አንድ እስር ቀይ ጽጌረዳ ገዝቶ ፍቅረኛው ፊት ሲንበረከክ፣ የገዛው የትርንጎን የጥር ወር እንቅልፍ ነው።

«እኔ ከጽጌረዳ የሸሸሁ ሰው ነኝ፤ አንቺ መልሰሽ ልትወስጂኝ ነው?» አለች።

«ምሳ በእኔ ነው» አልኳት። መጣች።

አትክልት ቦታው ከከተማው በስተምዕራብ ካለው ኮረብታ ላይ፣ እርከን እርከን ሆኖ የተሠራ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ማውንት ሁድ ከነበረዶው ከማዶ ይታያል። ሁለት ሄክታር የማይሞላ መሬት ነው፤ ግን ከ10,000 በላይ የጽጌረዳ ተክል፣ በዓይነት ደግሞ ከ600 የማያንስ ተተክሎበታል። ሰኔ ላይ አብዛኛው በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። በእኛ አገር ሰኔ ጭቃው የሚጀምርበት ነው፤ የአበባው ወር ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፣ ማኅሌተ ጽጌው የሚቆምበት። እዚህ ወቅቱ ስለተገለበጠ የአበባ ጊዜ ሲመጣ ለእኛ ገና ክረምት ሊገባ ነው፤ ምናልባት ልባችን ቶሎ የማይከፈተው ለዚህ ይሆናል።

ከላይኛው እርከን ላይ ቆመን ቁልቁል አየን። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ነጩ፣ ብርቱካንማው፣ ዳሩ ቀልቶ መሀሉ ነጭ የሆነው፣ ሁሉም ወለል ብሎ ተከፍቷል። እኔ «እሰይ!» ልል አፌን ስከፍት ትርንጎ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች።

«በስመ አብ! ይሄ ሁሉ አምልጧቸው!»

«ምኑ?»

«አበባው ነዋ! ይሄ ሁሉ ሪጀክት ነው!»

አላበደችም። ለውጭ ገበያ የሚቆረጥ ጽጌረዳ እንቡጥ ሳለ ነው የሚቆረጠው፤ ቅጠሎቹ ከጫፍ ላላ ማለት ሲጀምሩ፣ ከዚያ ሳያልፍ። ከዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፣ በቀዝቃዛ መኪና ቦሌ ይወርዳል፣ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ አብዛኛው ሆላንድ ይገባል፣ የሚከፈተው እገሌ የተባለ ሰው ሳሎን ውስጥ፣ የአበባ ማስቀመጫ ላይ ነው። እርሻው ላይ የተከፈተ ጽጌረዳ የዘገየ ቆራጭ ማስረጃ ነው። ትርንጎ ሱፐርቫይዘር ሳለች አንድ እንኳ ያበበ እስሩ ውስጥ ከተገኘ ሙሉው እስር ተፈቶ እንደገና ይመረጣል። «ያበበ አይላክም» የሚለውን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትጮህ እሷም አታውቀውም። አስቡት እንግዲህ፤ ያን ሁሉ ዓመት በጽጌረዳ መሀል ኖራ፣ አብቦ ያየችው ጽጌረዳ ሁሉ ጥፋት ነበር። አሁን አንድ ኮረብታ ሙሉ ጥፋት ፊቷ ተዘርግቶ፣ ፈረንጅ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ እያደነቀው ያልፋል።

«ማንም አልተቆጣቸውም?» አለችኝ።

በቀስታ ልንንሸራሸር ነበር የመጣነው። ከትርንጎ ጋር ግን መንሸራሸር የለም፤ ሱፐርቪዥን ነው ያለው። እጆቿን ወደኋላ አጣምራ በመደቦቹ መካከል ታልፋለች፣ ድንገት ቆም ትልና አንዱን ተክል ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። ስንዝሯን ዘርግታ ትለካለች። «ሃምሳ። ይቺ ስድሳ። ይቺ አርባም አትሞላ፣ ለምን እንደተከሏት እንጃ።» የሆለታ ጽጌረዳ ከደጋው ብርድ የተነሣ ራሱ ትልቅ፣ ስቴሙ ረጅም ነው፤ በቆላው ያለው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል እንጂ ቁመናው አይደርስበትም ብላ በአገሯ ኮራች። ትንሽ ሄድ እንዳልን ቅጠል ገልብጣ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር አሳየችኝ። «ሚልዲው! ስፕሬይ የሚያደርገው ማነው እዚህ?» አንዲት ሴትዮ ከነውሻዋ ዘወር ብላ አየችን። ፈገግ አልኩላት። ውሻውም አየን።

ወሬውን ልቀይር ብዬ አስጎብኚ ሆንኩ። ፖርትላንድ የጽጌረዳ ከተማ የምትባለው በከንቱ አይደለም አልኳት። የጽጌረዳ ማኅበሯ የተቋቋመው በ1888 ነው። በ1905 ትልቅ ኤግዚቢሽን ባዘጋጀችበት ጊዜ 200 ማይል የሚሆን የመንገዷ ዳር በጽጌረዳ ተተክሎ ነበር ይባላል። ከ1907 ጀምሮ የጽጌረዳ በዓል አላት፣ ሰልፍ ይወጣል፣ ከየትምህርት ቤቱ ልጃገረድ ተመርጣ ንግሥት ትሆናለች። በ1915 ደግሞ ጄሲ ከሪ የሚባል የጋዜጣ ሰው፣ ጽጌረዳ ወዳጅ፣ የከተማዋን ሹማምንት ይወተውታቸው ጀመር። ጊዜው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው፤ አውሮፓ ውስጥ አትክልተኞች ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዳቀሏቸው ዝርያዎች በቦምብ ሊጠፉ ነው፣ መጠለያ እንስጣቸው አለ። በ1917 ተፈቀደለት። በዓመቱ ከእንግሊዝ የተላኩት ተክሎች መድረስ ጀመሩ። ከሪ ራሱ የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኖ እስኪሞት ድረስ ጠበቃቸው።

ትርንጎ በጥሞና ሰማችኝ።

«እና ስደተኞች ናቸዋ!»

«መሰለኝ።»

«ቀድመሽ አትነግሪኝም!» አለች፤ ከዚያ ወዲያ አስተያየቷ ትንሽ ለዘብ አለ።

ይህ ቦታ እስከዛሬ ስሙ «የሙከራ» አትክልት ቦታ ነው። አዳቃዮች አዲስ ዝርያ ሲያወጡ ወደዚህ ይልካሉ፤ ተክሉ መደብ ይሰጠዋል፣ ለሁለት ዓመት ያህል ይታያል፦ በሽታ ይችላል ወይ፣ ደጋግሞ ያብባል ወይ፣ ቀለሙ፣ ቅርጹ፣ ሽታው እንዴት ነው። ይህ እስኪያልቅ ስም የለውም፣ ያለው ቁጥር ነው። ያለፉት ስም አግኝተው ገበያ ይወጣሉ፤ ከ1919 ጀምሮ የሚሰጠውን የከተማዋን የወርቅ ሽልማት ያገኙት ደግሞ ለብቻቸው የተከበረ ቦታ አላቸው። ትርንጎ ከቁጥሮቹ ፊት ረጅም ጊዜ ቆመች። በዚያ ሁሉ ወለል ያለ አበባ መካከል ልቧን የነካት ይሄ ነው።

«ኬዛቸው ያልታየላቸው ናቸው» አለች። «ሁለት ዓመት መጠበቅ ደግሞ ምንም አይደል። እኔ ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ ታውቂያለሽ።» ከዚያ ወደ አንዱ ደካማ ቁጥር ጎንበስ ብላ፣ «አይዞህ፣ ጥሩ ጠበቃ ያዝ» አለችው።

ስም ያገኙት ጋ ስንደርስ ሌላ ክርክር ተነሣ። ጽጌረዳ በሰው ስም ሲጠራ ማየት ለለመደው ምንም አይደለም፤ ጥቁር ቀይ የሆነው «ሚስተር ሊንከን» ነው፣ ቅቤ መሳዩ ቢጫ በምግብ ባለሙያዋ በጁሊያ ቻይልድ ስም ይጠራል፣ ዘፋኟ ዶሊ ፓርተንም በስሟ ጽጌረዳ አላት። ትርንጎ ሊንከን ከአበባ ጋር ምን እንዳገናኘው ጠየቀችኝ፤ አላወቅኩም። እርሻው ላይ የምታውቀው አንድ ቀይ ዝርያ «አፐር ክላስ» እንደሚባል ነገረችኝና ሳቀች። «ከንጋት እስከ ማታ አፐር ክላስ ስቆርጥ ነው የምውለው። ማታ ቤቴ ስገባ ግን መብራት የለም።»

«ፒስ» የሚባለው ጋ ደግሞ እንድትቆም ለመንኳት፤ ታሪኩን እወደዋለሁ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ሜይላንድ ነው ያዳቀለው። ቢጫ ነው፣ ዳሩ ሮዝ። ሁለተኛው ጦርነት ከመባሱ በፊት ቡቃያው ወደ አሜሪካ ተልኮ እዚህ ተራባ፤ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ በ1945፣ «ሰላም» ተብሎ ስም ወጣለት። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታትን ለማቋቋም ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለተሰበሰቡት ልዑካን ከዚህ አበባ አንዳንድ ታድሏቸዋል። የኢትዮጵያ ልዑካንም እዚያ ነበሩ፤ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት አክሊሉ ሀብተወልድ አንዱ ናቸው።

«ታዲያ ምን አደረጉት?» አለች ትርንጎ።

«ምኑን?»

«አበባውን! አዲስ አበባ ድረስ እንወስዳለን ካሉ ካይሮ ሳይደርሱ ነው የሚያልቅለት። ኮልድ ሩም አልነበረማ።»

ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጥያቄ አንስተው አያውቁም።

ሚስተር ሊንከን ጋ ስንመለስ ነው ነገሩ የተለወጠው። በ1964 የወጣ አሮጌ ዝርያ ነው፤ መዓዛው ኃይለኛ ነው። «እስኪ ጠጋ ብለሽ አሽቺው» አልኳት። ለወጉ ያህል አፍንጫዋን አስጠጋች። ቀና አለች። እንደገና አስጠጋች፣ በዚህኛው ዓይኗን ጨፍና።

«ይሄማ የእናቴ ጓሮ ጽጌረዳ ነው!»

የሚላክ ጽጌረዳ እምብዛም እንደማይሸት እሷ ናት የነገረችኝ። አዳቃዮቹ ለንግድ ሲመርጡ የሚፈልጉት መንገድ የሚችል፣ ማስቀመጫ ውስጥ ቶሎ የማይረግፍ፣ ስቴሙ ቀጥ ያለ አበባ ነው፤ በዚያ ምርጫ መሀል ሽታው ቀረ። ገዢውም አልጠየቀም፤ በስልክ ፎቶ አይቶ የሚገዛ ሰው ምኑን ያሸታል? ፓክሃውስ ውስጥ የሚሸተው ካርቶንና ብርድ ነው ትላለች። እኔ ብርድ ሽታ እንዳለው የሰማሁት ከእሷ ነው፤ ብርድ የዋለበት ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት! ስንዝሯን ረሳችው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለች አፍንጫዋን ትደቅናለች። ይሄ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ያኛው ሻይ፣ ይሄኛው ምንም፤ «ከእኛ እርሻ የመጣ ነው መሰል።» ንብ ያለበት ላይ ልትደገፍ ስትል ጎተትኳት። እኔ በበኩሌ ተረከዜ ማመም ጀምሯል፣ ረሃቡም አለ፣ መኪናዬን ያቆምኩበት ሰዓትም እየቆጠረ ነው። አትክልት ቦታው በነፃ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ግን በሰዓት ያስከፍላል፤ ፈረንጅ ነፃ ያለውን ነገር ዞር ብላችሁ እዩት።

ታችኛው እርከን ላይ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ባርኔጣ አድርገው፣ ባልዲ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ የጠወለገ አበባ በመቀስ እየቆረጡ ይጥላሉ። ሰማንያ ሳይጠጉ አይቀሩም። የጠወለገው ካልተነሣ ተክሉ ጉልበቱን ለፍሬ ያደርገዋል፤ ሲነሣለት ግን እንደገና ያብባል፣ ስለዚህ በጋውን ሙሉ ይህ ሥራ አያልቅም። ትርንጎ ሰላም ብላቸው ቀጥታ ወደ ቁም ነገሩ ገባች።

«በሰዓት ስንት ነው የሚከፍሉት?»

«ምንም» አሉ ሴትዮዋ እየሳቁ። «በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞር ብላ በአማርኛ፣ «ልጆች የሏቸውም እንዴ?» አለች።

ግን አልሄደችም። ሴትዮዋ ሲቆርጡ ትንሽ አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ትንሽ አየች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋም፣ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ መቀሱን ሰጧት። «አምስት ቅጠል ያለውን እዩ። ከሱ በላይ። ሰያፍ። ውሃ እንዳይቆምበት። ዓይኑ ወደ ውጭ ያየ።» ጥቅ። ጥቅ። ጥቅ። አንድ ሙሉ መደብ ጨረሰች። እጇ ዓይኗን አይጠብቅም። ሴትዮዋ አፋቸውን ከፍተው አዩአት፣ የት እንደተማረች ጠየቁ፣ «ኢትዮጵያ» ስትላቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ጽጌረዳ እንዳለ አላውቅም ነበር አሉ።

«እናንተ ቤት ያለውን ከየት መጣ ብላችሁ ነው?» ልትል ነበር፤ አየኋት። ለሽምግልናቸው ስትል ዋጠችው። የበጎ ፈቃደኝነት ቅጽ የሚሞላበትን ነገሯት። ኦቨርታይም አለው ወይ ብላ ጠየቀችና ሁለቱም ሳቁ፤ እኔ ግን ትርንጎ የቀለደች አልመሰለኝም።

ባልዲው ውስጥ ከተጣሉት መካከል ፍሬ ማሰር የጀመረ ነበረ። ትርንጎ አንሥታ በጣቷ ሰነጠቀችው፤ ውስጡ ጸጉራም ነው።

«ቀጋ!» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ።

የደጋ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቃታል። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከአጥር ላይ የሚለቀም ቀይ ፍሬ፤ ውጩ ይጣፍጣል፣ ውስጡ ያለው ጸጉር ጉሮሮ ያሳክካል፣ እሾኋ ዩኒፎርም ትቀዳለች፣ ማታ እናት ትቆጣለች። አበባዋ ነጭ ነው፣ አምስት ቅጠል ብቻ። ይህች ቀጋ እኮ ጽጌረዳ ናት! በሳይንስ ስሟ ሮዛ አቢሲኒካ ትባላለች፤ ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ የበቀለች ጽጌረዳ እሷ ብቻ ናት። ለትርንጎ ይህን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ተናደደች። እርሻው ላይ ያሉት ዝርያዎች ሁሉ ከውጭ የገቡ ናቸው፣ ለአዳቃዮቻቸው በየተክሉ ይከፈላል፤ ከእርሻው አጥር ውጭ ደግሞ የአገሩ ጽጌረዳ ቆማ፣ እረኛ ፍሬዋን እየበላላት፣ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። «እኔ ራሴ ሥራ ስገባ በየቀኑ በአጠገቧ ነው የማልፈው» አለች።

ምሳው እስኪቀዘቅዝ ፈለግናት። ከላይኛው እርከን እስከ ታችኛው፣ ትንንሾቹ ጽጌረዳዎች ካሉበት ሼክስፒር በተውኔቶቹ የጠቀሳቸው ዕፅዋት እስከተተከሉበት ጥግ ድረስ ሰሌዳ እያነበብን ዞርን። ሼክስፒር መደብ አለው፣ ሊንከን አለው፣ የበዓሉ ንግሥቶች እንኳ ስማቸው የተቀረጸበት መንገድ አላቸው። ቀጋን በዞርንበት ሁሉ አላየናትም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ የፖርትላንድ ሰዎች፣ አትክልት ቦታውን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ ለቀጋ አንድ መደብ ጠይቁልን። ዘሩን በሻንጣ ደብቃችሁ አታምጡ፤ ጉምሩክ ያለ ፈቃድ አያሳልፍም፣ በርበሬያችሁንም ያስወስድባችኋል። በደንብ፣ በማመልከቻ ይሁን። ነጭ አበባ ነው፣ ፍሬው ይበላል፣ አጥር ላይ ይወጣል ብላችሁ ጻፉ። ቦታ የለንም ካሏችሁ ደግሞ አትመኗቸው፤ ከታችኛው እርከን ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሁለት ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ባዶ መሬት አለ። ትርንጎ በስንዝር ለክታዋለች።